ቁልፉ የት ነው ያለው? የዘመናዊ መኪና ቁልፍ አልባ በሮችና ደካማ ጎናቸው

የአዳማ ሙቀት ወደ ማታ በረድ ሲል በፈጣን መንገዱ ከአዲስ አበባ የወረዱ እንግዶችም የከተማይቱ ነዋሪዎችም በየሆቴሉ በረንዳ ላይ መቀመጥ ይጀምራሉ። በዚህ ሰዓት ከመኪናው የሚወርደውን ሰው ልብ ብለን ብንመለከት ቁልፍ ሲያዞር እምብዛም አናየውም። በሩን ዘግቶ እጀታውን በጣቱ ነካ ያደርግና ይሄዳል፤ መኪናው ፍሬቻውን ብልጭ አድርጎ፣ መስተዋቶቹን አጥፎ ራሱን ይቆልፋል። ሲመለስም እንዲሁ ነው። ቁልፉ ከኪሱ ሳይወጣ በሩ ይከፈታል፤ ፍሬን ረግጦ ማስነሻውን ሲጫን ሞተሩ ይነሣል። መኪናው ባለቤቱን እንዴት አወቀው? ከዚህም ይበልጥ፣ ባለቤቱ አጠገቡ መቆሙን በምን አወቀ?

እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። የቀድሞው የብረት ቁልፍ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይመልስ ነበር። ጥርሱ ከመቆለፊያው ጋር መግጠሙ የያዘው ሰው ባለመብት ለመሆኑ ምልክት ነው። ቀዳዳው ውስጥ ካልገባ ደግሞ አይዞርምና፣ ሰውየው ከበሩ አጠገብ ለመቆሙ ሌላ ማስረጃ አያሻም ነበር። ቁልፉ ወደ ሬዲዮ ሞገድ በተለወጠ ጊዜ የመጀመሪያው ማስረጃ በሂሳብ ተተካ፤ የሁለተኛው ቦታ ግን ባዶ ቀረ። በዚህ ጽሑፍ በይበልጥ የምንመለከተው ይህን ባዶ ቦታ ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን መንገዱን በአጭሩ እንከተል።

ከሪሞት እስከ ተለዋዋጭ ኮድ

የመጀመሪያዎቹ የመኪና ሪሞቶች በተጫኑ ቁጥር አንድ ዓይነት ኮድ ያስተላልፉ ነበር። ሬዲዮ ሞገድ ደግሞ የሰሚ ምርጫ የለውም፤ በአካባቢው ያለ ማንኛውም መቀበያ ይሰማዋል። አንድ ጊዜ የቀዳ ሰው ደግሞ መልሶ ማሰማት ይችላል። ይህን ችግር ለማስወገድ ተለዋዋጭ ኮድ መጣ። በቁልፉም በመኪናውም ውስጥ አንድ ቆጣሪ ይኖራል፤ ሪሞቱ በተጫነ ቁጥር ቆጣሪው አንድ ይጨምራል፤ ቁጥሩም በምስጢር ተመስጥሮ ይላካል። መኪናው ከዚህ በፊት የሰማውን ኮድ ዳግም አይቀበልም። ሪሞቱ ከመኪናው ርቆ በስሕተት ቢጫን ቆጣሪዎቹ እንዳይለያዩ መኪናው ጥቂት ወደፊት የሚመጡ ኮዶችንም ይቀበላል። የምንጠቀምበት ድግግሞሽ እንደ ገበያው ይለያያል፤ ለጃፓን የተሠሩ መኪናዎች በ315 ሜጋኸርትዝ አካባቢ፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ደግሞ በ433 ሜጋኸርትዝ ገደማ ይነጋገራሉ። ያገለገሉ መኪናዎች ከልዩ ልዩ አገሮች ስለሚገቡ በአዳማ አንድ ጎዳና ላይ ሁለቱም ዓይነት ሪሞት ይገኛል።

ተለዋዋጭ ኮድ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን አንድ ቀዳዳ ነበረው። ኮዱ የሚሽረው መኪናው ሲሰማው ብቻ ነው። አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ደኅንነት ተመራማሪ ሳሚ ካምካር እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳየው መሣሪያ ዋጋው 32 ዶላር ያህል ነበር። መሣሪያው ባለቤቱ ሪሞቱን ሲጫን መኪናው እንዳይሰማ በጫጫታ ሞገድ ያውከዋል፤ በዚያው ቅጽበት ግን ኮዱን ለራሱ ይቀዳል። ባለቤቱ "አልሠራም" ብሎ ደግሞ ሲጫን ሁለተኛውንም ይቀዳና የመጀመሪያውን ለመኪናው ይሰጠዋል። በሩ ይቆለፋል ወይም ይከፈታል፤ ባለቤቱም ምንም ሳይጠረጥር ይሄዳል። መኪናው ያልሰማው ሁለተኛ ኮድ ግን በሌባው እጅ ይቀራል። ይህ ዘዴ በሩን ይከፍታል እንጂ ሞተር አያስነሣም፤ ይሁን እንጂ መኪና ውስጥ ኮምፒዩተር ወይም ገንዘብ ለተወ ሰው የበሩ መከፈት በቂ ጉዳት ነው።

ከዚህ የቀለለም አለ። ሌባው ምንም ሳይቀዳ ማወክ ብቻ ይበቃዋል። ባለቤቱ ፊቱን አዙሮ እየሄደ፣ ወደ ኋላ እጁን ዘርግቶ ሪሞቱን ይጫናል፤ መኪናው አልሰማም፤ በሩም ክፍት ነው። መከላከያው ሳይንስ አይጠይቅም፤ ፍሬቻው ብልጭ ማለቱንና የመቆለፊያውን ድምፅ ማረጋገጥ ብቻ ነው። ብዙዎቻችን ይህን እንደማናደርግ በየፓርኪንጉ ቆሞ ማየት ይቻላል።

ምስጢሩ ሲያረጅ

በሩን ከመክፈት አልፎ ሞተር ለማስነሣት የሚያግደው ክፍል ኢሞቢላይዘር ይባላል። በቁልፉ ራስ ውስጥ ያለች ትንሽ ቺፕ መኪናው ለሚጠይቃት ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ ካልሰጠች ሞተሩ አይነሣም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መኪናው በዘፈቀደ የተመረጠ ቁጥር ይልካል፤ ቺፗ ቁጥሩን ከምስጢራዊ ቁልፏ ጋር አዋሕዳ ታሰላና ውጤቱን ትመልሳለች፤ መኪናውም ያንኑ ስሌት ለብቻው ሠርቶ ያመሳክራል። ቁጥሩ በየጊዜው አዲስ ስለሆነ ትናንት የተቀዳ መልስ ዛሬ አይጠቅምም። የመከላከያው ጥንካሬ እንግዲህ ሁለት ነገሮች ላይ ይመሠረታል፤ በምስጢራዊው ቁልፍ ርዝመትና በስሌቱ ጥራት።

ርዝመቱን በምሳሌ እንየው። 40 ቢት ርዝመት ያለው ምስጢራዊ ቁልፍ ሊሆኑ የሚችሉ 1,099,511,627,776 ዓይነቶች አሉት። አንድ ትሪሊዮን ያህል ማለት ነው፤ ሲነገር ትልቅ ይመስላል። ነገር ግን በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ቁልፍ የሚሞክር መሣሪያ ሁሉንም በ13 ቀን ገደማ ይጨርሳቸዋል፤ የመሣሪያው ፍጥነት ሲጨምር ቀኑ ወደ ሰዓት፣ ሰዓቱም ወደ ደቂቃ ይወርዳል። በአንጻሩ 128 ቢት ያለውን ቁልፍ በሰከንድ አንድ ትሪሊዮን በሚሞክር መሣሪያ እንኳ ሁሉንም ለመጨረስ አሥር ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ዓመት ያስፈልጋል።

ይህ ስሌት ወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2005 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና የአርኤስኤ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በብዙ ሚሊዮን የመኪና ቁልፎች ውስጥ የነበረውን ባለ 40 ቢት የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቺፕ መስበር እንደሚቻል አሳዩ። አስገራሚው ነገር ከ13 ዓመት በኋላ የተፈጸመው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በቤልጂግ የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቴስላ ሞዴል ኤስ ቁልፍ ያንኑ አሮጌ የምስጠራ ስልት ሲጠቀም አገኙት፤ አስቀድመው ባዘጋጁት ትልቅ ሠንጠረዥ በመታገዝም ቁልፉን በጥቂት ሰከንዶች ገለበጡት። መኪናው የዘመኑ ቁንጮ ነበር፤ መቆለፊያው ግን ከአሥር ዓመት በላይ ያረጀ።

ሌላው ስሕተት ምስጢሩን ለሁሉም ማካፈል ነው። በእንግሊዝ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲው ፍላቪዮ ጋርሲያና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳመለከቱት፣ የቮልስዋገን ቡድን ከ1995 ጀምሮ ለሸጣቸው ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪናዎች ሪሞት የተጠቀመው በጣት የሚቆጠሩ የጋራ ምስጢራዊ ቁልፎችን ነው። አንድ ሙሉ ሰፈር በአንድ ዓይነት ጓጉንቸር ቁልፍ ቤቱን እንደ መዝጋት ይቆጠራል፤ ከአንዱ መኪና ምስጢሩን ያወጣ ሰው የሌላውንም ያውቃል።

እዚህ ላይ አንድ አስተያየት ብንጨምር አይከፋም። ጋርሲያና ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ሜጋሞስ በተባለው የኢሞቢላይዘር ቺፕ ላይ የሠሩት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይታተም ታግዶ ነበር፤ የታተመው በ2015 ነው። በእኛ እምነት የስልቱ መደበቅ መቆለፊያ ሊሆን አይገባም። ሆላንዳዊው ኦገስት ኬርክሆፍስ በ1883 እንደጻፈው፣ አሠራሩ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ምስጢራዊው ቁልፍ ብቻውን ሊጠብቀን ይገባል።

ዘበኛውና ስልኩ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን ደረስን። ምስጢራዊው ቁልፍ 128 ቢት ይሁን፤ ስሌቱም እንከን የለሽ ይሁን። በኪስ ውስጥ ሆኖ የሚሠራው ስማርት ቁልፍ እንዲህም ሆኖ ሊታለል ይችላል።

እንዴት እንደሆነ ለመረዳት አንድ ዘበኛ እናስብ። አሠሪው ሌሊት ሲመጣ በጨለማ ፊቱን አያይም፤ በድምፁ ግን ይለየዋል። ተንኮለኛ እንዳያታልለውም በየጊዜው አዲስ ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ ትክክለኛው መልስ በአሠሪው ድምፅ ከመጣ በሩን ይከፍታል። ይህ ዘበኛ ሞኝ አይደለም። አንድ ሌሊት ግን አንድ ሌባ ስልክ ይዞ ከበሩ ውጭ ይቆማል፤ ግብረ አበሩ ደግሞ አሠሪው ካለበት ቦታ ተጠግቶ ሌላ ስልክ ይዟል። ዘበኛው "ማነው?" ሲል ጥያቄው በስልክ ያልፋል፤ አሠሪውም የዘበኛውን ድምፅ ሲሰማ በልማዱ ይመልሳል፤ መልሱ በዚያው መንገድ ተመልሶ ከበሩ ይደርሳል። ድምፁ የአሠሪው ነው፤ መልሱ ትክክል ነው፤ የተጭበረበረ ቃል የለም። በሩ ይከፈታል። ዘበኛው የሰማው ጌታው መናገሩን ነው፤ የደመደመው ግን ጌታው እዚህ መቆሙን ነው።

ነገሩ ለሂሳብ ሰዎች አዲስ አልነበረም። እንግሊዛዊው ጆን ኮንዌይ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ቼዝ የማትችል ልጅ ከሁለት ታላላቅ ተጫዋቾች ጋር በደብዳቤ እንዴት ልትጫወት እንደምትችል ጽፏል። የአንዱን እርምጃ ለሌላው ታስተላልፋለች፤ ሁለቱ ሳያውቁት እርስ በርሳቸው ይጫወታሉ፤ እርሷም ቢያንስ በሁለቱም አትሸነፍም። የቅብብሎሽ ጥቃት የምንለው ይህንኑ ነው።

ስማርት ቁልፍ የሚሠራው በሁለት ዓይነት ሞገድ ነው። መኪናው በእጀታዎቹና በውስጡ ካሉት አንቴናዎች በ125 ኪሎኸርትዝ አካባቢ ደካማ መግነጢሳዊ መስክ ያሰራጫል። ቁልፉ ይህን ሲሰማ ይነቃል፤ መልሱን ግን በሜጋኸርትዝ ሞገድ ይልካል፤ ይህም አሥሮችን ሜትሮች አልፎ ይሰማል። ዲዛይነሮቹ በመጀመሪያው ደካማ መስክ ላይ የተማመኑበት ምክንያት ነበራቸው። የ125 ኪሎኸርትዝ ሞገድ ርዝመት 2400 ሜትር ነው፤ ከአንቴናው በጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ያለው መስክ ገና እንደ ሞገድ አይስፋፋም፤ ከርቀቱ ሦስተኛ ኃይል ጋር በተገላቢጦሽ ይቀንሳል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መስኩ ወደ አንድ ስምንተኛ፣ ርቀቱ አሥር እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ ሺህኛ ይወርዳል ማለት ነው። እንግዲህ "ቁልፉ ከሰማኝ ቅርብ ነው" ብሎ መደምደም ትክክል መሰለ። ነገር ግን መኪናው የለካው ርቀትን አይደለም፤ የድምፅ ጉልበትን ነው። ጉልበት ደግሞ በማጉያ ይጨመራል።

በስዊዘርላንድ የዙሪክ ፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች የነበሩት ኦሬሊየን ፍራንሲዮን፣ ቦሪስ ዳኔቭና ስርጃን ቻፕኩን እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ይህን በተግባር ፈተኑ። አንዱ አንቴና ከመኪናው እጀታ አጠገብ ሆኖ ደካማውን ጥያቄ ያነሣል፤ በገመድ ወይም በሬዲዮ ወደ ሁለተኛው አንቴና ያሻግረዋል፤ ሁለተኛው አንቴና መስኩን ቁልፉ ባለበት መልሶ ይፈጥረዋል። የስምንት አምራቾችን 10 መኪናዎች ሞከሩ፤ አሥሩም ተከፈቱ፤ ተነሡም። ምስጠራውን አልሰበሩም፤ አልነኩትምም። ሁለተኛው አንቴና ከቁልፉ እስከ 8 ሜትር ያህል ቢርቅም ሠርቷል። ሞተሩ አንዴ ከተነሣ በኋላ ቁልፉ ቢጠፋም መኪናው ለደኅንነት ሲባል በጉዞ ላይ ሞተሩን አያጠፋም፤ ይህም ለሌባው ትልቅ ስጦታ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነገሩ ከላቦራቶሪ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2017 የእንግሊዝ ዌስት ሚድላንድስ ፖሊስ ባሰራጨው የደኅንነት ካሜራ ምስል ላይ ሁለት ሰዎች ሣጥን የሚመስል ነገር ይዘው ይታያሉ፤ አንዱ ከመኖሪያ ቤቱ በር አጠገብ እየተዘዋወረ ቁልፉን ይፈልጋል፤ ሌላው ከመርሴዲሱ አጠገብ ይቆማል። አንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ መኪናው ይሄዳል። መስታወት አልተሰበረም፤ አላርም አልጮኸም።

የብርሃን ፍጥነት እንደ ሜትር

መኪናው ርቀትን በእውነት ሊለካ የሚችልበት መንገድ አለን? አለ፤ መልሱም በፊዚክስ መጀመሪያ ትምህርት ላይ ይገኛል። ማጉያ የሞገዱን ጉልበት ይጨምር ይሆናል እንጂ ከብርሃን ሊያስቀድመው አይችልም። ብርሃን በአንድ ናኖሰከንድ 30 ሴንቲሜትር ይጓዛል። ቁልፉ በ2 ሜትር ርቀት ላይ ካለ ጥያቄና መልሱ በድምሩ 4 ሜትር ይጓዛሉ፤ ይህም 13 ናኖሰከንድ ገደማ ነው። ቁልፉ 30 ሜትር ርቆ በረንዳ ላይ ከሆነ ጉዞው 60 ሜትር፣ ጊዜውም 200 ናኖሰከንድ ይሆናል። ሌባው የፈለገውን መሣሪያ ቢገዛ ይህን ጊዜ ሊያሳጥር አይችልም።

ታዲያ የ2011ዱ መኪናዎች ለምን አላስተዋሉም? ሰዓታቸው እጅግ ልል ስለነበረ ነው። ጥናቱ እንዳሳየው መኪናዎቹ የታገሡት መዘግየት እንደ ዓይነታቸው ከ35 ማይክሮሰከንድ ጀምሮ እስከ ብዙ ሚሊሰከንድ ይደርስ ነበር። ይህን ወደ ምናውቀው ምድር እንለውጠው። በ35 ማይክሮሰከንድ ብርሃን 10.5 ኪሎሜትር ይጓዛል፤ ደርሶ መልስ ሲታሰብ ቁልፉ 5 ኪሎሜትር ሊርቅ ይችላል፤ ከአዳማ ወደ ወንጂ ከሚወስደው መንገድ ግማሽ ያህል። ይህ እንግዲህ ጥብቅ የሚባለው መኪና ነው። አንድ ሙሉ ሚሊሰከንድ የሚታገሥ መኪና አዳማ ላይ ቆሞ፣ ቁልፉ በቀጥታ መስመር 90 ኪሎሜትር ገደማ በሚርቀው ባቱ ከተማ በዝዋይ ሐይቅ ዳር ቢሆን እንኳ በፊዚክስ ሕግ ሊያውቅ አይችልም፤ ደርሶ መልሱ 0.6 ሚሊሰከንድ ብቻ ነውና። በተግባር የሌቦች መሣሪያ ይህን ያህል ርቀት አይሄድም፤ ነገር ግን የሚገድበው መሣሪያው ነው እንጂ መኪናው አይደለም።

ሰዓቱ ልል የሆነው በግድየለሽነት ብቻ አልነበረም። ቁልፉ መልሱን ለማስላት ጊዜ ይወስዳል፤ ያም ጊዜ ከአንዱ ስሌት ወደ ሌላው በጥቂት ማይክሮሰከንዶች ይለያያል። የ4 ማይክሮሰከንድ ልዩነት ብቻውን 600 ሜትር ያህል የርቀት ስሕተት ነው። ስቴፋን ብራንድስና ዴቪድ ቻውም እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረቡት መፍትሔ ስሌቱንና ልኬቱን መለየት ነው። ከባዱ ምስጠራ አስቀድሞ ወይም በኋላ ይሠራል። በመካከሉ መኪናው ባለ አንድ ቢት ጥያቄዎችን በተከታታይ ይወረውራል፤ ቁልፉም ሳያሰላ፣ ካዘጋጀው መልስ ላይ ወዲያው እየመዘዘ ይመልሳል፤ ጊዜው የሚለካው በዚህ ፈጣን ክፍል ብቻ ነው። በዘበኛችን ምሳሌ፣ ረጅሙን ጥያቄ ትቶ እጁን አጨብጭቦ የጭብጨባውን መልስ እንደሚጠብቅ ያለ ነው።

ሐሳቡ ወደ ገበያ እስኪደርስ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ናኖሰከንድ ለመለካት በጣም አጭር የሬዲዮ ምት ያስፈልጋል፤ አጭር ምት ደግሞ ሰፊ የድግግሞሽ ክልል ይጠይቃል። አልትራ ዋይድባንድ የሚባለው ሬዲዮ 500 ሜጋኸርትዝና ከዚያ በላይ ስፋት ስለሚጠቀም ርቀትን በአሥር ሴንቲሜትሮች ደረጃ ይለካል። የዚህ ዓይነቱን ልኬት ከማጭበርበር ለመጠበቅ የተሻሻለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2020 ወጥቷል፤ አንዳንድ አምራቾችም በቁልፎቻቸው ውስጥ ማስገባት ጀምረዋል።

በእኛ አካባቢ

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ ጎዳናዎች ላይ የሚታዩት አውቶሞቢሎች የአንድ ዘመን አይደሉም። የብረት ቁልፍ ያለው አሮጌ ኮሮላ፣ ሪሞት ያለው ቪትዝ፣ በግፊት የሚነሣ ያሪስ ጎን ለጎን ይቆማሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ቁጥር ጨምሯል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በስማርት ቁልፍ፣ በካርድ ወይም በሞባይል ስልክ የሚከፈቱ ናቸው። የስልኩ ቁልፍ አዲስ ነገር ቢመስልም በብሉቱዝ ብቻ የሚሠራው ቅርበትን የሚገምተው በአብዛኛው በሞገዱ ጉልበት ነው። ኤንሲሲ ግሩፕ የተባለው የደኅንነት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳየው ሙከራ የቴስላ ሞዴል 3 የብሉቱዝ ቁልፍ በቅብብሎሽ ተታሏል። ያው ዘበኛ፣ ያው ስልክ። ስለዚህ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ስለ ባትሪው በሚጠይቅበት አፉ ቁልፉ አልትራ ዋይድባንድ እንዳለው፣ ከመነሣቱ በፊት የምስጢር ቁጥር እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ቢጠይቅ ይጠቀማል። ቁጥሩ በሰው ጭንቅላት ውስጥ ስላለ በቅብብሎሽ አይሻገርም።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። ለብዙ ቤተሰብ መኪናው የዕድሜ ልክ ቁጠባ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንጂ ለተሰረቀ መኪና ካሳ አይከፍልም። ተጨማሪ መድን ያልገዛ ሰው መኪናው ሲሄድ ሁሉም አብሮ ይሄዳል።

የመኖሪያችንም አሠራር ከፊዚክሱ ጋር የሚገናኝበት ነጥብ አለ። መኪናው ግቢ ውስጥ ወይም አጥሩን ተጠግቶ ይቆማል፤ ቁልፉ ደግሞ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር ይቀመጣል። የ125 ኪሎኸርትዝ መግነጢሳዊ መስክ የብሎኬትም ሆነ የጭቃ ግድግዳ ብዙም አያግደውም። ቁልፉን ከውጭ ግድግዳና ከመስኮት ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ከሦስተኛው ኃይል ሕግ የተነሣ ከሚመስለው በላይ ይጠቅማል። አንዳንድ አዳዲስ ቁልፎች ውስጥ ያለው የእንቅስቃሴ ሴንሰር ቁልፉ ለጥቂት ደቂቃ ሳይነቃነቅ ሲቀር ያስተኛዋል፤ የተኛ ቁልፍ ለማንም አይመልስም። በሆቴል በረንዳ ላይ በተቀመጠ ሰው ኪስ ውስጥ ያለ ቁልፍ ግን አይተኛም።

ሌባው ቁልፉን ጨርሶ የማይፈልግበት መንገድም እንዳለ ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2022 በለንደን ኢያን ታቦር የተባለ የመኪና ደኅንነት ተመራማሪ የራሱ ቶዮታ ራቭ4 ተሰረቀበት። እርሱና ኬን ቲንደል አጣርተው በ2023 እንደገለጹት፣ ሌቦቹ በፊት መብራቱ በኩል ወደ መኪናው ውስጣዊ የመረጃ መስመር ገብተው "ቁልፉ ትክክል ነው" የሚል የሐሰት መልእክት ያስገቡ ነበር፤ መሣሪያውም በድምፅ ማጉያ ሣጥን ውስጥ የተደበቀ ነበር። መስመሩ ላይ የሚመጣን መልእክት ማን እንደላከው የሚጠይቅ አልነበረም። ከዚህ የምንማረው አንድ ተግባራዊ ነገር ተጨማሪ መብራት ወይም አላርም ስናስገጥም የትኛው ሽቦ እንደተቆረጠና እንደተቀጠለ ኤሌክትሪሺያኑን መጠየቅ ነው። ያገለገለ መኪና ስንገዛም ሁለተኛው ቁልፍ የት እንደሚገኝ ማወቅ፣ ካልተገኘም በመመርመሪያ ኮምፒዩተር ከመኪናው መዝገብ ማሰረዝ ይገባል። ላቫጆ ውስጥ ለግማሽ ቀን የተተወ ቁልፍ ማንኛውንም ምስጠራ እንደማይፈልግ መቼም ግልጽ ነው። መሪን የሚያስረው የብረት መቆለፊያም አሮጌ ቢመስል አይናቅ፤ የሬዲዮ ሞገድ አይከፍተውም።

በመጨረሻ በቤተሰብ መኪና፣ በባለቤቱ ፈቃድ ሊሠራ የሚችል አንድ ሙከራ እናቀርባለን። የሚያስፈልገው ስማርት ቁልፍ ያለው መኪና፣ ሜትር፣ የአልሙኒየም መጠቅለያና የብረት ጣሳ ነው። አንድ ሰው የበሩን እጀታ እየነካ ይሞክር፤ ሌላው ቁልፉን ይዞ በግማሽ ሜትር እየራቀ በሩ መከፈት የሚያቆምበትን ርቀት ይመዝግብ። ከዚያ በመካከል የብሎኬት ግድግዳ አስገብታችሁ ድገሙት። ቀጥሎ ቁልፉን በአልሙኒየም ጠቅልሉት። ተለዋዋጭ መስክ በብረት ውስጥ እየደከመ የሚገባበት ጥልቀት በድግግሞሹ ይወሰናል፤ በአልሙኒየም ውስጥ ለ125 ኪሎኸርትዝ 0.23 ሚሊሜትር ያህል፣ ለ433 ሜጋኸርትዝ ግን 0.004 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የወጥ ቤቱ መጠቅለያ ውፍረት 0.015 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ የመኪናው ጥያቄ በከፊል ሊያልፈው ይችላል፤ የቁልፉ መልስ ግን በቀላሉ አይወጣም። ጥቅሉ ላይ ቀዳዳ ስትተዉ ምን እንደሚሆንም ተመልከቱ። የብረት ጣሳ ደግሞ ማግኔት የሚስብ ስለሆነ ጥያቄውንም መልሱንም ያፍናል፤ ክዳኑ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ብዙም አይረባም። ቁልፉን በባለ ፕላስቲክ ክዳን የወተት ጣሳ ውስጥ አድርጋችሁ መጀመሪያ ክዳኑን ወደ መኪናው፣ ቀጥሎ የጣሳውን ቂጥ ወደ መኪናው አዙራችሁ ለኩ፤ በሁለቱ መካከል የምታገኙትን የርቀት ልዩነት በሠንጠረዥ አስፍሩት።